የመፀው ምሽት በዓይን ከሬም ደን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዘመነ መፀው በሊቃውንቱ ቁጥር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት ነው። በሀገራችን በኢትዮጵያ በዚህ ወራት ክረምቱ ያልፋል፤ ደመናው ይገለጣል፤ የደፈረሰው ወንዝ ይጠራል፤ ሜዳውና ተራራው በአበባ ይሸፈናል። ስለዚህም የአበባ ወራት ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ለይታ፣ እናትንና ልጅን በአበባና በፍሬ እየመሰለች፣ የእመቤታችንን ስደት ታስብባቸዋለች። አባ ጽጌ ድንግል ደረሰው የሚባለው ማሕሌተ ጽጌ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሲቆም፣ ሰቆቃወ ድንግልም አብሮት ሲዜም ሰምቶ ያደገ የአብነት ተማሪ፣ ጥቅምትን ከአበባ ለይቶ ማሰብ አይሆንለትም።

በኢየሩሳሌም ግን የጥቅምት መልክ ሌላ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ጠብታ ያልነካው ምድር ተሰነጣጥቋል። ሣሩ ገለባ ሆኗል። በበለሱ ቅጠል ላይ አቧራ ተጋግሯል። ከሀገር ቤት በዚህ ወራት የሚመጡ ተሳላሚዎች ቅዳሜ ሌሊት ከእኛ ጋር ማሕሌቱን ቆመው ያድሩና፣ በማግሥቱ ቅጥሩን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «አባቶቻችን፣ አበባው ወዴት አለ?» ይሉናል። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው፣ በዚህ ዓመት በዘመነ ጽጌ ከዓይን ከሬም በላይ ባለው ደን ያደረግነውን የአንድ ምሽት መንገድ መነሻ አድርገን፣ ለዚያ ጥያቄ አቅማችን የፈቀደውን መልስ ለመስጠት ነው።

ስለ ዝናቡ

አስቀድሞ የሀገሩን ዝናብ ማወቅ ይገባል። በቅድስት ሀገር ዝናብ የሚዘንበው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በቀረው ጊዜ ሰማዩ እንደ ተዘጋ ይከርማል። በሀገራችን ክረምት ሲሆን በዚህ በጋ ነው፤ በሀገራችን በጋ ሲሆን በዚህ ክረምት ነው። በኦሪት ዘዳግም፣ በነቢያትና በሐዋርያው በያዕቆብ መልእክት የፊተኛው ዝናብና የኋለኛው ዝናብ ተብለው የተጠሩት ሁለቱ ዝናቦች በዕብራይስጥ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። የፊተኛው ዮሬ፣ የኋለኛው መልቆሽ ይባላል። ዮሬ በጥቅምትና በኅዳር መጥቶ፣ በበጋው ፀሐይ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ምድር ለማረሻ ያለሰልሳል፤ በቀድሞው ልማድ ዘር የሚዘራው ከእርሱ በኋላ ነበር። መልቆሽ በመጋቢትና በሚያዝያ መጥቶ እሸቱን ያፋፋል፤ አጨዳው ከእርሱ በኋላ ነው።

ክረምትና በልግ ለለመደ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ ነው። በሀገራችን ገበሬው ዘሩን በሰኔና በሐምሌ ጥሎ በመፀው እሸቱን ያያል። የዚህ ሀገር ገበሬ ግን በመፀው እጁ ባዶ ነው፤ ዘሩን በጎተራ ይዞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታላቁ ባሕር እያየ ደመና ይጠብቃል። ሐዋርያው ገበሬውን የትዕግሥት ምሳሌ ያደረገው ለምን እንደ ሆነ፣ በጥቅምት በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሌላ ሐተታ አያሻውም። እንግዲህ አንድ ስም የያዘው መፀው ሁለት መልክ አለው። በሀገራችን የተቀበሉት ወራት ነው፤ በዚህ የሚጠብቁት ወራት ነው።

ስለ መንደሩ

ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳማችን በር ወጥቶ፣ የነቢያትን ጎዳና ተሻግሮ፣ ከያፋ ጎዳና ላይ ቀላሉን ባቡር የተሳፈረ ሰው ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄርዝል ተራራ ይደርሳል። ከዚያ በእግሩ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወርድ ዓይን ከሬምን ያገኛታል። ስሟ የወይን ቦታ ምንጭ ማለት ነው። ካህኑ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ የኖሩባት፣ መጥምቁ ዮሐንስ የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ይህች ናት ተብሎ በትውፊት ይታመናል። በመንደሪቱ መካከል በልደቱ ቦታ ላይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ በኩል ባለው ዳገት ላይ ደግሞ እመቤታችን ኤልሳቤጥን የተሳለመችበት ቦታ አለ። በቅጥሩ ውስጥ ጸሎተ ማርያም በብዙ የዓለም ቋንቋዎች በሸክላ ጡብ ላይ ተጽፎ በግድግዳው ተሰድሯል። በሁለቱ መካከል ከዐለት ሥር የሚፈልቀው ውኃ የማርያም ምንጭ ይባላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህች መንደር ሌላም ነገር አላት። ርእሰ ዐውደ ዓመታችን የሚጠራው በመጥምቁ ስም ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም መስከረም 1 ቀንን ቅዱስ ዮሐንስ ይለዋል። ዓመታችን ከዚህ ኮረብታ ይጀምራል ብንል አላበዛንም። ደግሞም ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀ ጊዜ ኤልሳቤጥ ልጇን ይዛ ወደ በረሃ እንደ ሸሸች በትውፊት ይነገራል፤ ዐለቱ ሕፃኑን ሰውሮታል ተብሎ የሚታይ ድንጋይም በዚያው በመሳለሚያው ቤተ ክርስቲያን አለ። እንግዲህ በዘመነ ጽጌ የምናስበው ስደት የአንዲት እናት ስደት ብቻ አይደለም። እመቤታችን ወደ ግብፅ ስትሸሽ፣ ዘመዷ ኤልሳቤጥም በእነዚህ ኮረብቶች መካከል ትሸሽ ነበር።

ስለ ደኑ

ከመንደሪቱ በላይ በሰሜን በኩል የሚታየው የኢየሩሳሌም ደን ነው። ብዙው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሰው እጅ የተተከለ ነው። የበዛውም ዛፍ በዕብራይስጥ ኦረን የሚሉት፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ፍሬው እንደ እንጨት የጠነከረ ዛፍ ነው። አውሮፓውያን የሐለብ ዛፍ ይሉታል፤ የሀገሩ ሰዎች የኢየሩሳሌም ኦረን ይሉታል። በመካከሉ እኛ የፈረንጅ ጥድ ከምንለው ጋር የሚዛመደው ብሮሽ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይታያል።

የዚህን ደን መንገድ ያስተማሩን፣ ከጣና ዳር ከዘጌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ዘጌ ዛፉ ከውኃው ዳር ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናቱን እስኪሸፍን የተጠቀጠቀበት፣ ሰው ከቡናውና ከጌሾው ጥላ ሥር የሚኖርበት ቦታ ነው። እኛ ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ከቀረበት ደጋ የመጣን ስለ ሆንን፣ ይህን ደን ባየን ጊዜ ብዙ መሰለን። እርሳቸው ግን መጀመሪያ የገቡ ዕለት ግራና ቀኝ አይተው፣ ዛፎቹ በመሥመር መቆማቸውን አስተውለው፣ «ይህማ ደን አይደለም፤ ሰልፍ ነው» አሉ። እንዲህ ቢሉም በየዓመቱ በዘመነ ጽጌ አንድ ቀን፣ ከተሰዓት ጸሎት በኋላ፣ መቋሚያቸውን ይዘው «ሰልፉን እንጎብኘው» ሳይሉን አይቀሩም ነበር። እንዲህ እያልን ከ20 በላይ መፀው አብረን ሄድን።

በእነዚያ ዓመታት ካሳዩን ነገር አንዱ ከሰልፉ ሥር የሚበቅለው ነው። በኦረኑ መካከል፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ የሀገሩ የጥንት ዛፎች ብቅ ብቅ ብለዋል። አንደኛው አሎን ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአድባር ዛፍ እየተባለ ከአብርሃም ጋር ስሙ የሚነሣው ዛፍ ወገን ነው። ሁለተኛው ኤላ ነው፤ ዳዊት ጎልያድን የጣለበት ሸለቆ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። የኤላ ቅጠል በመፀው ይቀላል፤ በጥቁር አረንጓዴው ደን መካከል እንደ ፍም ይታያል። ሦስተኛው ሐሩብ ነው፤ ፍሬውን ምዕራባውያን ክርስቲያኖች የቅዱስ ዮሐንስ እንጀራ ይሉታል። አሎኑን ማንም አልተከለውም። ፍሬውን ለክረምት ስንቅ ብላ በመሬት የምትቀብር ወፍ አለች፤ የቀበረችውን ሁሉ አታገኘውም፤ የረሳችው ይበቅላል።

ወይራም አለ። የዚህ ሀገር ወይራና በሀገራችን በገዳማቱ ዙሪያ የሚገኘው ወይራ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፤ የሀገራችን ወይራ ፍሬው ደቃቃ ሆኖ ለዘይት አልታደለም እንጂ፣ ቅጠሉን ያየ ሰው ወንድማማችነታቸውን አይስተውም። እኒያ አባት ወይራ ባገኙ ቁጥር ግንዱን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ያልፉ ነበር። በሀገራችን የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የእናታቸው ቤት ሽታ ከዚያ ግንድ የሚመጣላቸው ይመስለናል፤ ነገር ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ስለ እርከኑ

ደኑን የሚያቋርጥ ሰው እግሩ ደረጃ እየወረደ መሆኑን ያስተውላል። ኮረብታው ሁሉ ከላይ እስከ ታች በእርከን የተሠራ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ተክቦ፣ ከካቡ ጀርባ አፈር ተሞልቶ፣ በዚያ ላይ ወይን፣ በለስ፣ ወይራና ለውዝ ይተከልበት ነበር። የኮንሶን እርከን ያየ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። አልፎ አልፎ በዐለት ላይ የተፈለፈለ የወይን መጭመቂያ ይገኛል፤ አጠገቡም የጠባቂው ማማ የነበረ የድንጋይ ክምር ይታያል። በነቢዩ በኢሳይያስና በወንጌል ስለ ወይኑ ቦታ የተነገረው ምሳሌ ሰሚዎቹ በየቀኑ ከሚያዩት ነገር የተወሰደ እንደ ነበረ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል።

እነዚህን እርከኖች የሠራቸው አንድ ትውልድ አይደለም። አንዱ የከበውን ሌላው ጠግኖታል፤ አንዱ የተከለውን ሌላው ለቅሞታል። እስከ 1948 በአውሮፓ አቆጣጠር ዓይን ከሬም የዓረብ ገበሬዎች መንደር ነበረች፤ በዚያ ዓመት ጦርነት ነዋሪዎቿ ተሰደዱ፤ ቤታቸውና ካባቸው ቀረ። ከዚያ ከሌላ ሀገር ተሰደው የመጡ ሰዎች ገቡባት። ደኑም በእርከኑ ላይ ተተከለ። ይህን የምንጽፈው ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ባዕድ ሀገር ገብተን፣ ሌላ ሰው በከበው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ጸሎት የምናደርስ እኛ፣ የካቡን ባለቤት ሳናስብ ብናልፍ ነውር ነው። እኒያ አባት በካቡ ላይ ለማረፍ ሲቀመጡ፣ አስቀድመው «የሠራኸው እጅ ይባረክ» ይሉ ነበር፤ ማን እንደ ሠራው አይጠይቁም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከዚህ በስተ ምዕራብ ባሉት የኢየሩሳሌም ኮረብቶች ላይ ታላቅ እሳት ተነሥቶ ቀናት ሲነድ፣ ጢሱ እስከ ከተማዪቱ ደርሶ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ኦረኑ ከስሎ በቆመበት ተራራ ላይ፣ ለብዙ ዓመታት በቅርንጫፍ ተሸፍኖ የኖረው እርከን ከላይ እስከ ታች ተገልጦ ታየ። ብዙ ሰው ይህን ለማየት ሄዶ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ከሥሩ ያቈጠቈጠው አሎንና ኤላ ነው። የኦረኑም ፍሬ እሳት ሲነካው ተከፍቶ ዘሩን በትኖ ነበርና፣ በአመዱ መካከል እልፍ ችግኝ በቀለ፤ በዚህ ጊዜ ግን በመሥመር አልነበረም።

ስለ ምሽቱ

በዚህ ዓመት በጽጌ አራተኛ ሳምንት ወደ ደኑ የሄድነው ብቻችንን ነው። እኒያ አባት ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ወደ እግዚአብሔር ሄደዋል። የመጨረሻውን ሱባዔያቸውን የፈጸሙት ከደኑ ፊት ለፊት በኮረብታው ራስ ላይ በሚታየው ትልቅ ሆስፒታል ነበር። ልንጠይቃቸው ስንሄድ አልጋቸው ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን ሸለቆውን አሻግረው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ «ከላይ ሲያዩት መሥመሩ አይታይም፤ ደን ነው» አሉን። ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ጸሎተ ተሰዓትን አድርሰን ስንነሣ ፀሐይ ገና ብርቱ ነበረች። ከሄርዝል ተራራ ወርደን የደኑን ጥላ ስንገባ ግን የብርሃኑ ዓይነት ተለወጠ። በዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ታላቁ ባሕር ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ በግንዶቹ መካከል አግድም ይገባል፤ አቧራው ሁሉ ወርቅ ይመስላል። ከእግር በታች የኦረኑ ደረቅ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ስለ ተነጠፈ የእርምጃ ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው የመቋሚያው ጫፍ ድንጋይ ሲነካ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው የለመድነው መንገድ ለአንድ ሰው ሲሆን ይረዝማል። ንግግር ባይኖርም እንኳ፣ የሌላ ሰው እስትንፋስ መንገድን ያሳጥራል።

በእርከኑ ጫፍ ፀሐይ በምታገኘው ቦታ ሐጻቭን አገኘነው። ሐጻቭ በዕብራይስጥ የሚጠራበት ስም ነው። ከምድር ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚደርስ ዘንግ ነው፤ በዘንጉም ዙሪያ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ተሰክተዋል። አንድ ቅጠል የለውም። ዙሪያው ደረቅ መሬት ነው፤ የአበባ ጎረቤት የለውም። አበባው ከታች ወደ ላይ በተራ ስለሚፈነዳ፣ እኛ ባየነው ጊዜ የታችኛው ዘር ይዞ፣ ጫፉ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አጠገቡ በድንጋዩ ጥግ ሲትቫኒት የምትባል፣ ከመሬት ጣት የማታህል ሐምራዊ አበባ ተከፍታለች፤ ስሟ ስታቭ ከሚለው ከመፀው የዕብራይስጥ ስም የወጣ ነው።

ሐጻቭ በበጋው መጨረሻ፣ አንድም ጠብታ ሳይወርድ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ያብባል። ውኃውን ከየት አመጣው ቢሉ፣ ከምድር በታች የሰው ጭንቅላት ሊያህል የሚችል ትልቅ ሽንኩርት መሰል ሥር አለው። ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲዘንብ ሰፋፊ ቅጠሎች አውጥቶ ነበር፤ በእነርሱ የሰበሰበውን ሁሉ ወደ ሥሩ ከትቶ፣ በጸደይ ቅጠሉን አድርቆ ጥሎ፣ በጋውን እንደ ሞተ ሆኖ ከርሟል። አሁን የሚያብበው ባለፈው ዓመት ዝናብ ነው። ዘንድሮ የሚዘንበው ደግሞ ለሚመጣው ዓመት አበባ ይሆናል። ሥሩ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ የጥንት ገበሬዎች የእርሻቸውን ድንበር በእርሱ ያመለክቱ ነበር፤ ኢያሱ ለነገዶቹ ርስት ሲያካፍል በእርሱ እንደ ለየ የአይሁድ ሊቃውንት ይተርካሉ። የዓረብ ገበሬዎችም በመቃብር ላይ ይተክሉታል።

እንግዲህ አበባው ወዴት አለ ለሚሉን ተሳላሚዎች መልሱ ይህ ነው። አበባው በዚህ አለ፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት ዝናብ የሚያብብ አይደለም። እመቤታችን የሸሸችበት መንገድ እንደ ሀገራችን ሜዳ በአደይ የተሸፈነ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ የተሰነጠቀ ምድር ነበር። ደራሲው በአበባ የመሰላት በሰቆቃዋ ጊዜ እንጂ በደስታዋ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ማሕሌተ ጽጌና ሰቆቃወ ድንግል በአንድ ሌሊት አብረው የሚቆሙትም ስለዚህ ነው ብንል ከሥርዓቱ አንወጣም። አንድም፣ ሐጻቭ የመነኵሴ ምሳሌ ነው። መነኵሴ በወጣትነቱ በጉባኤ ቤት የሰበሰበውን፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ በሽምግልናው ይኖርበታል። አንድም፣ የተለዩን ሰዎች ምሳሌ ነው፤ ያስተማሩንን ነገር ያብበን ዘንድ እነርሱ በአጠገባችን መቆማቸው ግድ አይደለም። የመጀመሪያውን ትርጓሜ ከመጽሐፍ አገኘነው፤ ሁለተኛውን ከዕድሜያችን፤ ሦስተኛውን ግን በዚያ ምሽት ከዚያ እርከን ላይ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጨለማው በዚህ ሀገር ፈጥኖ ይመጣል። ከታች ከመንደሪቱ የማታ ደወል ተሰማ፤ መጀመሪያ የፍራንሲስካውያኑ፣ ቀጥሎ ጎርኒ ከሚባለው ከሩሲያውያን እናቶች ገዳም። በካቡ ላይ ተቀምጠን ጸሎተ ሠርክን አደረስን። ወዲያው ቀበሮዎች በሸለቆው ውስጥ መጮኽ ጀመሩ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ከማዶ ይመልስለታል። ለአዲስ ሰው ያስፈራል፤ ለለመደው እንደ ግራና ቀኝ መዘምራን ነው። ፊት ለፊት የሆስፒታሉ መስኮቶች አንድ በአንድ በሩ። የትኛው የእርሳቸው መስኮት እንደ ነበረ ከታች ሆኖ መለየት አይቻልም። በየአንዳንዱ መስኮት ግን አንድ ሰው ተኝቶ ወደዚህ ጨለማ እንደሚያይ አሰብን፤ ስማቸውን ሳናውቅ ጸለይንላቸው። ከዚያ መቋሚያችንን ይዘን፣ በካቡ ጠርዝ እየተመራን ወደ ላይ ወጣን። ዮሬ በዚያች ሌሊት አልመጣም። ደመና ግን በምዕራብ ነበረ።

ለተሳላሚዎች የሚሆን ምክር

የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች፣ ጊዜያችሁ አጭር እንደ ሆነ እናውቃለን። አንዱን ቅዱስ ቦታ ለሌላው እያጣደፋችሁ በአውቶቡስ ታልፋላችሁ። ቢቻላችሁ ግን ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ለዓይን ከሬም ተዉለት፤ በእግራችሁም ሂዱ። ጠንካራ ጫማ ተጫሙ፤ ውኃ ያዙ። ብቻዬን ልሂድ የሚል ሰው ለጓደኞቹ ወይም ለእንግዳ ተቀባዩ አባት መንገዱን ነግሮ ይሂድ፤ ጨለማ ሳይበረታም ይመለስ። ብሕትውና ሰውን መሰወር አይደለም።

በዚህ ወራት ከሁሉ በላይ የምንለምናችሁ ስለ እሳት ነው። ዮሬ እስኪዘንብ ድረስ ደኑ ደረቅ ማገዶ ነው። በዋሻውም ሆነ በዛፉ ሥር ጧፍ አታብሩ፤ ዕጣንም አታጢሱ። እግዚአብሔር ያለ ጧፍም ይሰማል። የዱር አበባ መቅጠፍ በሀገሩ ሕግ የተከለከለ ነው። የሐጻቭን ሥር ለበረከት ወይም ለመድኃኒት ቆፍራችሁ ወደ ሀገር እንዳትወስዱ፤ መርዝ አለው። ለበረከት የሚሆን ነገር የሚፈልግ ሰው ከማርያም ምንጭ አጠገብ ቆሞ ጸሎተ ማርያምን ይድገም፤ እርሱ ሸክም የለውም።

በእርከኑ ላይ ለማረፍ ስትቀመጡም፣ ካቡን የሠራውን እጅ መርቁ። ማን እንደ ሆነ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። በዚህ ሀገር ሁላችንም የምንቀመጠው ሌላ ሰው በከበው ላይ ነውና። የእኒያን አባት ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። ለእናንተም የመጣችሁበትን መንገድ የተቃና፣ የተሳለማችሁትን ስፍራ በረከት የማይደርቅ ያድርግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።